ሳይለካ የሚወርድ ካምቢዮ

ከደሴ እስከ ቆቦ ባለው አውራ ጎዳና ዳር ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ገብታችሁ «አውቶማቲክ ካምቢዮዬ ስሊፕ ያደርጋል» ብትሉ የምትሰሙት መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «አለቀለት፤ አውርደን ከሶማሌ ተራ ያገለገለ እንግጠምልህ» ትባላላችሁ። የሚያዝንላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ጠጋ ብሎ ይመክራችኋል፦ «ወንድሜ፣ ድሮስ አውቶማቲክ ለወሎ ዳገት ይሆናል? ሽጠው፤ ካልሆነም ወደ ማኑዋል አስቀይረው።» ባለመኪናውም፣ መካኒኩም፣ ሻይ ሊጠጣ ጎራ ያለው ሹፌርም በዚህ ይስማማሉ። ስምምነቱ ከመጽናቱ የተነሳ መኪናውን መመርመር የሚያስፈልግ መስሎ የሚታየው የለም። ኮፈኑ ሳይከፈት ፍርዱ ይሰጣል።

ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። ካምቢዮ ስሊፕ የሚያደርግባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ካምቢዮው ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚገኙና የሚጠገኑ ናቸው። ሳይለካ የወረደ ካምቢዮ ሁሉ የባለቤቱን ገንዘብ፣ የመካኒኩን ስም፣ አንዳንዴም ለዓመታት መሥራት የሚችል መኪና ይዞ ይጠፋል። በወልድያና በመርሳ መካከል ከመኪና ጥገና ጋር ስኖር ይህ ሲደጋገም አይቻለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ምሳሌዬን ከአሮጌ ስፖርት መኪና እወስዳለሁ፤ ፍርዱ ከሁሉ የሚከፋው በእሱ ላይ ስለሆነ ነው። ከ1986 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ባለሁለት በር ቶዮታ ሱፕራ አውቶማቲክ ሆና ስትመጣ የምትይዘው ኤ340ኢ የሚባለውን ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ሀብሩ ውስጥ ብትቆም ሕፃን አዋቂው ይሰበሰብባታል። ካምቢዮዋ ስሊፕ ያደረገ ዕለት ግን «የዚህስ ዕቃ ከየት ይመጣል?» ተብሎ ሸራ ትለብስና ትተዋለች። እንግዲህ መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ኤ340ኢ ብርቅ ካምቢዮ አይደለም። ወንድሙ ኤ340ኤፍ በፎር ራነር ውስጥ ይሠራል፤ የዚሁ ቤተሰብ ካምቢዮዎች በፕራዶም በሌሎች የቶዮታ መኪኖችም ተገጥመዋል። ስፖርት መኪናውን ከፎር ራነር የሚለየው የኋላው መውጫና የቫልቮቹ አቀማመጥ እንጂ ውስጥ ያለው አሠራር በአመዛኙ አንድ ነው። ሙሉውን ካምቢዮ ከአንዱ አውጥቶ ሌላው ላይ መግጠም አይቻልም፤ አንዱን መጠገን የሚችል እጅ ግን ሌላውንም ይጠግናል። «ዕቃ የለም» የሚለው ምክንያት ግማሹ እዚህ ላይ ይወድቃል።

አሁን ስሊፕ ማለት ምን እንደሆነ እንይ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፤ የዙር መቁጠሪያው ይወጣል፤ መኪናው ግን በዚያው ልክ አይሄድም። በማኑዋል መኪና ይህ ሲሆን የፍሪሲዮን ሸራ አልቋል ብንል ብዙ ጊዜ ልክ ነን። ለዚህም ይመስለኛል ያንኑ ዕውቀት ወደ አውቶማቲክ አዙረን የምንፈርደው። አውቶማቲክ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፍሪሲዮኖች ግን በዘይት የተነከሩ ናቸው፤ አጥብቆ የሚያጋጥማቸውም ሞላ ሳይሆን የዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ፖምፓውን ያዞራል፤ ፖምፓው ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ ፒስተኑን ይጫናል፤ ፒስተኑ ሸራዎቹን ያጣብቃል። ግፊቱ ከጎደለ አዲስ ሸራም ይንሸራተታል። ግፊቱን የሚያጎድሉት ደግሞ ብዙ ናቸው፦ የዘይት ማነስ፣ የዘይት መብዛት፣ የተሳሳተ ዓይነት ዘይት፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የላላ ሽቦ፣ የተጣበቀ ቫልቭ፣ የተበላሸ ሶሌኖይድ፣ የደረቀ የፒስተን ጎማ፣ ያረጀ ፖምፓ። ከእነዚህ ውስጥ ካምቢዮውን ማውረድ ግድ የሚሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ከላይ ወይም የታችኛውን የዘይት ሳህን በመክፈት ይደረስበታል። ሁሉንም ዘልሎ «ሸራው አልቋል» ማለት ግምት ነው።

ቀላሉ የዘይቱ ልክ ነው፤ በብዛት የሚሳሳቱበትም እሱ ነው። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ስለሆነ የካምቢዮውንም እንደዚያው ይለኩታል። የዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው መኪናው ተነድቶ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ፣ በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ የማርሹ ዘንግ ሁሉንም ቦታ ነክቶ ፒ ላይ ከተመለሰ በኋላ ነው። ወልድያ ውስጥ እውነተኛ ሜዳ መፈለግ በራሱ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዘንበል ባለ መንገድ ዳር የተለካ ልክ ልክ አይደለም። አንድ ሊትር የጎደለው ካምቢዮ በመርሳና በስሪንቃ መካከል ባለው ለስላሳ መንገድ ደህና ይሄዳል። ከወልድያ ወደ ድልብ ዳገቱን መውጣት ሲጀምር ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሽና መምጠጫው አየር ይስባል፤ ያኔ ስሊፕ ይጀምራል። ሜዳ ላይ ደህና የሆነ፣ ዳገትና ጠመዝማዛ ላይ ብቻ የሚንሸራተት መኪና ይዞ የመጣን ሰው ከምንም በፊት ዘይቱን ማየት እንጂ የካምቢዮ ዋጋ መንገር ነውር ነው። ከልክ በላይ መሙላትም ያው ነው፤ የሚሽከረከሩት ብረቶች ዘይቱን ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ደግሞ ይታመቃል እንጂ ግፊት አያደርስም።

ስለ ዘይቱ ዓይነት አንድ ነገር ልበል። ቀይ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህ ካምቢዮ የሚፈልገው ዴክስሮን ሁለት ወይም ሦስት ነው። ማስተላለፊያቸው ሲቪቲ የሆኑት የኋለኞቹ ቪትዞች ፈጽሞ ሌላ ዘይት ይፈልጋሉ፤ አሠራራቸውም ሌላ ነውና እዚህ የምለው ሁሉ እነሱን አይመለከትም። ከአንዱ በርሜል ለሁሉም መቅዳት የብዙ ስሊፕ መነሻ ነው።

ወደ ላላው ሽቦ ልምጣ፤ ይህን በዝርዝር የምናገረው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ስለሆነ ነው። በኤ340ኢ ላይ ከነዳጅ መክፈቻው ተነስቶ ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ቀጭን ሽቦ አለ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ሽቦው ይሳብና ውስጥ ያለውን ቫልቭ ይነግረዋል፦ ጭነት መጥቷል፣ ግፊት ጨምር ይለዋል። ሽቦው ከላላ ካምቢዮው ሹፌሩ በቀስታ የሚሄድ ይመስለዋል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲገፋ ሸራዎቹን የያዛቸው የለዘብተኛ ጉዞ ግፊት ይሆናል። ይንሸራተታሉ፤ ሲንሸራተቱ ይሞቃሉ፤ ሲሞቁ ይቃጠላሉ። ትክክለኛው ልክ የታወቀ ነው፦ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ በሽቦው ላይ ያለችው ትንሽ ብረት ከሽፋኑ ጫፍ በ0 እና በ1 ሚሊሜትር መካከል መራቅ አለባት። ሁለት ቁልፍና አንድ ረዳት ያለው ሰው በአጭር ጊዜ ያስተካክለዋል።

ሱፕራን የምታሽከረክረው የሰባት ኤም ሞተር ቴስታታዋ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ቶሎ በመበላሸቱ በዓለም የታወቀች ናት፤ ፋብሪካው ቡሎኖቹን ያጠበቀበት ልክ አነስተኛ ስለነበር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለች መኪና በዕድሜዋ አንድ ጊዜ እንኳ ቴስታታዋ መውረዱ አይቀርም። ቴስታታ ሲወርድ ያ ሽቦ ይፈታል። ሲመለስ ልኩ ተጠብቆ ይታሰራል ወይ? እንዲህ ያለች አንዲት ከውጭ የመጣች መኪና ጓርኒሲዮኗ ተቀይሮ ከጋራዥ ወጣች፤ ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ ስትወጣ ስሊፕ አደረገች። ባለቤቱ የጠየቃቸው መካኒኮች ሁሉ «ካምቢዮው ሞቷል» አሉት። ገንዘብ ሊበደር ተነስቶ ነበር። ሽቦው ግን ተንጠልጥሎ ነበር። ቴስታታውን የሠራው ሰው ያለውን ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ ሽቦው ምን እንደሚሠራ የነገረው ሰው አልነበረም። እሱን አልወቅስም። የምወቅሰው «ስሊፕ ካለ ሞቷል» የሚለውን ትምህርት ነው፤ መካኒኩ ትናንት የነካውን ነገር ዛሬ ዳግመኛ እንዳያይ ዓይኑን የጋረደበት እሱ ነውና።

መኪናው ራሱ የሚናገረውን አለመስማትም አለ። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው ቁልፉ ሲከፈት በሹፌሩ ፊት ያለው «ኦ/ዲ ኦፍ» መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይሰጣል። 42 እና 61 የፍጥነት መለኪያዎቹን፣ 62 እና 63 የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይዶቹን፣ 64 ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውን የቶርክ ኮንቨርተር መቆለፊያ ሶሌኖይድ ያመለክታሉ። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ አንድ ቁራጭ ሽቦ ይበቃል። ሶሌኖይድ ሲበላሽ መኪናው በተሳሳተ ማርሽ ይነሳል፤ ወይም ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው ሲሻገር ሞተሩ ለቅጽበት ብቻውን ይጮሃል። ይህን ሸራ አለቀ ብሎ መፍረድ የኤሌክትሪክ ብልሽትን በብረት መክፈል ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው ጊዜ መቁጠር ነው። ዘይቱ ሞቆ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ከኤን ወደ ዲ ሲገባ መኪናው ነቅነቅ እስኪል ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ሲገባ ደግሞ ከ1.5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ሁለቱም ከዘገዩ ዋናው ግፊት ጎድሏል። አንዱ ብቻ ከዘገየ ጥፋቱ የዚያ አንዱ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፣ ከፊትና ከኋላ ሰው ሳይቆም፣ ፍሬኑ በግራ እግር አጥብቆ ተረግጦ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይረገጥና ዙሩ የት እንደሚቆም ይነበባል። ከ5 ሰከንድ መብለጥ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ዘይቱ ይፈላል። በዲም በአርም ዙሩ የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ከሚለው በላይ ከወጣ ግፊት ጎድሏል። በዲ ብቻ ከወጣ የፊተኛው ፍሪሲዮን ወይም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው መያዣ ተንሸራቷል። በአር ብቻ ከወጣ የኋላ ማርሽን የሚይዙት ናቸው። እነሆ፣ ካምቢዮው ሳይወርድ ውስጡ ታየ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት፣ ከውጭ የመጣ መጽሐፍ የማይነግረን ነገር አለ። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ በግምት 2,000 ሜትር ላይ ናት፤ መርሳም 1,600 ገደማ ነች። በወልድያ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ 20 በመቶ ያጣል፤ አየሩ ሳስቷልና። የደከመ ሞተር በዚህ ፈተና መጽሐፉ ከሚለው ዝቅ ያለ ዙር ላይ መቆም ይኖርበታል። ስለዚህ ወልድያ ላይ የመጽሐፉን ቁጥር ልክ የሰጠ መኪና «ደህና ነው» ተብሎ አይለቀቅ፤ መጠነኛ ስሊፕ ተደብቆበት ሊሆን ይችላል። የዚህ ተቃራኒም አለ። ዳገት ላይ መኪናው ደከመ ብለው ካምቢዮውን የሚከሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚከሱት ቀጭኑን አየር ነው። ሞተሩ ሳይጮህ መኪናው ከደከመ ያ ስሊፕ አይደለም፤ የሞተር ጉዳይ ነው። ይህን ልዩነት ለማወቅ የዙር መቁጠሪያውን ማየት በቂ ነበር።

የተቃራኒዎቼን ጠንካራ ክርክር አልሸሽም። «የምትለው ለአንዳንዱ መኪና ይሠራል፤ እኛ ጋ የሚመጣው ግን ተቃጥሎ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት፣ ሳህኑ ሲከፈት ጥቁር የሸራ ፍርፋሪና የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ የሚገኝበት ካምቢዮ በሽቦ ማስተካከል አይድንም፤ መውረድ አለበት። በሳህኑ ማግኔት ላይ የሚገኘው ስስ ግራጫ ጭቃ ግን የዕድሜ ነገር ነው፤ እሱን አሳይቶ ባለመኪናን ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የተቃጠለው ለምን ተቃጠለ? ከስንት ወር በፊት በመጀመሪያው ሸርተት ማለት ቢታይ ኖሮ? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር። «ስሊፕ ካለ አልቋል» የሚለው እምነት ባለመኪናውን ቶሎ ወደ ጋራዥ አያመጣውም፤ ያስፈራውና እስኪቆም ድረስ እንዲነዳው ያደርገዋል። የሞት ፍርድ እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው ማን ቶሎ ይቀርባል? ስለዚህ የተቃጠሉት መብዛታቸው እምነቱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ያበዛቸው እሱ ራሱ ነው።

ሁለተኛው የእነሱ ማስረጃ «አሮጌ ዘይት የተቀየረለት ካምቢዮ በሳምንቱ ይሞታል» የሚለው ነው። ይህንንም ያዩት እውነታቸውን ነው፤ ምክንያቱን ግን አዙረውታል። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት የሚቀየረው መቼ ነው? ካምቢዮው ስሊፕ ማድረግ ሲጀምር ነው። ሊሞት የተቃረበው ካምቢዮ ዘይት ተቀይሮለት ሲሞት ዘይቱ ገደለው ይባላል። ሸራው ገና ደህና የሆነ ካምቢዮ ፊልትሮውና ዘይቱ ቢቀየርለት የሚጎዳው ነገር የለም። ሳህኑ ሲከፈት ከጠቅላላው ዘይት ግማሹ እንኳ እንደማይወጣ፣ ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ እንደሚቀር ማወቅ ግን ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ አፍስሶ «ቀየርኩ» ማለት አይበቃም።

ከሶማሌ ተራ የሚመጣው ካምቢዮስ? የሶማሌ ተራ ነጋዴዎችን አላማርርም፤ ያለ እነሱ በዚህ አገር ብዙ መኪና አይንቀሳቀስም ነበር። ያገለገለ ካምቢዮ ግን ታሪኩ የማይታወቅ ካምቢዮ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን ካምቢዮ ግፊቱን የሚለካ ሰው የለም። ከአዲስ አበባ ወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ወርዶ፣ ተገጥሞ ካልሠራ ኪሳራው የማን ነው? ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመጀመሪያውን የገደለው ነገር መኪናው ላይ እንዳለ መቆየቱ ነው። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። በእኛ አገር ራዲያተር የሚሞላው ብዙ ጊዜ ከቧንቧ ወይም ከወንዝ በተቀዳ ውሃ ነው፤ ውሃው ዝቃጩን ጥሎ ራዲያተሩን ይደፍነዋል። ዘይቱ አይቀዘቅዝም፤ ቀስ በቀስ ያረጃል፤ ሸራው ይቃጠላል። የውስጡ ቱቦ ከተበሳም ውሃ ወደ ካምቢዮው ይገባና ሸራውን የያዘውን ማጣበቂያ ይለቃል፤ ዘይቱም እንጆሪ ወተት ይመስላል። ራዲያተሩን ሳያጥብ፣ የማቀዝቀዣውን ቱቦ ሳያጠራ ሌላ ካምቢዮ የሚገጥም ሰው ሁለተኛውንም ለዚያው እሳት ያቀርበዋል። ያን ጊዜ «አየህ፣ አውቶማቲክ አይሆንም ብዬህ ነበር» ይባላል።

አይሆንም ወይ? ቶርክ ኮንቨርተር መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩን ጉልበት አብዝቶ ወደ ጎማ ያደርሳል፤ ዳገት ላይ መነሳት የእሱ ዋና ጥቅሙ ነው። በዓለም ዙሪያ በማዕድን ማውጫ ቁልቁለቶችና በከተማ አውቶቡሶች ላይ የአሊሰን አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። በወሎ ዳገት የተቃጠለ የማኑዋል ፍሪሲዮን ሽታማ የማናውቀው የለንም፤ ግን ማኑዋል ለወሎ አይሆንም ያለ ሰው አልሰማሁም። አውቶማቲኩን የሚጎዳው አነዳዳችን ነው። ከወልድያ ወደ ድልብ ሲወጣ ማርሹን ዲ ላይ ትቶ ኦቨርድራይቩን ክፍት አድርጎ የሚሄድ ሹፌር ካምቢዮው ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት እየተመላለሰ እንዲሞቅ ያደርገዋል። «ኦ/ዲ ኦፍ» የምትለዋን ቁልፍ መጫን፣ ዳገቱ ሲበረታ ወደ 2 መውረድ፣ ቁልቁለቱንም በዚያው ማርሽ በሞተር ጉልበት እየያዙ መውረድ ፍሬኑንም ካምቢዮውንም ያድናል። ይህን ለሹፌሮቻችን የሚያስተምር ቢኖር ከሚቃጠሉት ካምቢዮዎች ብዙዎቹ አይቃጠሉም ነበር።

ወደ ማኑዋል መቀየር የሚሉት መፍትሔም በሱፕራ ላይ እንደሚያወሩት ቀላል አይደለም። የፍሪሲዮን መርገጫ፣ የሞተሩ ቮላኖ፣ በርዝመት የሚገጥም ካርዳን፣ ከካምቢዮው መልእክት የሚጠብቀውን ኮምፒውተር ማስማማት ሁሉ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ማድረግ ለሚችል ሰው የራሱን ካምቢዮ መጠገን ይቀለዋል።

ገመድ ስለሚባለው ጥፋት ሳልናገር አላልፍም። መኪናው መርሳ ላይ ቆመ እንበል። በገመድ ታስሮ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የኋላ ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ ወልድያ ይገባል። ሞተሩ ካልዞረ ፖምፓው አይዞርም፤ ፖምፓው ካልዞረ የካምቢዮው ውስጥ ያለ ዘይት ይፋጫል። በሽቦ መላላት የቆመ መኪና ጋራዥ ሲደርስ እውነተኛ ሕመምተኛ ሆኖ ይደርሳል። የኋላ ጎማ የሚነዳ አውቶማቲክ መኪና በጭነት መኪና ይጫን፤ ካልተቻለ ካርዳኑ ይፈታ። ገፍቶ ለማስነሳት መሞከርም በዚሁ ምክንያት ከንቱ ድካም ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይነሱ የቆሙትም ጥንቃቄ ይገባቸዋል፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ወልድያ ቆመው የቆዩ መኪኖችን የሚያውቅ ሰው የደረቀ ጎማና የፓራዮሊ ማፍሰስ ምን እንደሚያደርግ አይቷል። እንዲህ ያለ መኪና መጀመሪያ ሲነሳ ሸርተት ቢል ዘይቱ ሞልቶ፣ ቀስ ብሎ ሞቆ፣ እንደገና ይታይ።

ጥፋቱን ሁሉ በመካኒኩ ላይ ማሸከም ግን ግፍ ነው። እኛ ባለመኪናዎች ለምርመራ አንከፍልም። ዕቃ ከተገጠመ እንከፍላለን፤ ተለክቶ «ሽቦው ላልቶ ነበር» ከተባልን ግን «ታዲያ ምን ሠራህ?» ብለን እንከራከራለን። ጧት ሙሉ የለካ ሰው ባዶ እጁን ከተመለሰ፣ ካምቢዮ አውርዶ ሌላ የገጠመው ግን ደመወዙን ካገኘ፣ ነገ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ያለመመርመርን ልማድ በገንዘባችን የምናጸናው እኛው ነን።

ይህን የምጽፍበት ጊዜም ያስገድደኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ከባድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ውሳኔዎቹ ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የሚያስከትሉት ግን ግልጽ ነው፦ በእጃችን ያሉት አሮጌ ሱፕራዎች፣ ፎር ራነሮችና ኮሮላዎች ተተኪ አይመጣላቸውም። «ጣለውና ሌላ ግዛ» የሚባልበት ዘመን አልፏል።

ስለዚህ የወልድያና የመርሳ ጋራዥ ባለቤቶች ሆይ፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። እስከ 20 ባር የሚያነብ አንድ የግፊት መለኪያ ከነቱቦው በእቁብም ቢሆን በጋራ ግዙ። በካምቢዮው ጎን በቡሎን የተዘጋች የግፊት መለኪያ ቀዳዳ አለች፤ ፋብሪካው ያበጃት ለዚሁ ነው፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ከተሠሩ ጀምሮ አልተፈታችም። ፍቷት። የምርመራ ዋጋችሁን በግድግዳ ላይ ጻፉ፤ ሳታፍሩም ተቀበሉ። እናንተም ባለመኪናዎች፣ የተነበበው ግፊት፣ የተቆጠረው ሰከንድና የታየው ዘይት በወረቀት ላይ ሰፍሮ ሳይሰጣችሁ ካምቢዮአችሁ እንዲወርድ አትፍቀዱ፤ ለዚያች ወረቀትም ሳታጉረመርሙ ክፈሉ።